የደቡብ አፍሪካ መባልዕትና ስማቸው

የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1652 ዓ.ም. ያን ቫን ሪቤክን ልኮ በኬፕ ያስቆረቆረው ሠፈር፣ ወደ እስያ የሚመላለሱት መርከበኞች አትክልት በማጣት በሚመጣ ደዌ እንዳያልቁ ጎመንና ሥጋ ከማቀበል ያለፈ ዓላማ እምብዛም አልነበረውም። ነገር ግን በጌቶች ማድ ቤት ድስት የሚጥዱት ከጃቫ፣ ከቤንጋል፣ ከማላባርና ከማዳጋስካር በባርነት የተጋዙ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ የአገሩ ማዕድ በጌታው ትእዛዝ ተዘርግቶ በባሪያው ቅመም ጣፈጠ።

ከዚህ ማዕድ ሁሉ ዝነኛው ቦቦቲ ነው። የተከተፈው ሥጋ ከሽንኩርት፣ ከእርድና ከሌላም ቅመም ጋር ተቁላልቶ፣ በወተት የራሰ ዳቦና ዘቢብ ከገባበት በኋላ፣ ከወተት ጋር የተመታ እንቁላል ፈስሶበትና የሎሚ ቅጠል ተሰክቶበት በምድጃ ይጋገራል፤ ከቢጫ ሩዝ ጋርም ይቀርባል። ሥጋን ከዘቢብ ማዋሐድ ለእኛ ምላስ እንግዳ ቢሆንም፣ ጣፋጩ የቅመሙን ኃይል የሚገታበት ጥበብ ሊናቅ አይገባውም። ሊቃውንት ስለ ስሙ ሥርው ባይስማሙም፣ የሚበዙት ወደ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች ያመለክታሉ።

በደርባን ያለው ሌላ ነው። በ1860 ትሩሮ የተባለች መርከብ ከማድራስ የመጀመሪያዎቹን ሕንዳውያን የውል ሠራተኞች ለናታል የሸንኮራ አገዳ እርሻ ካራገፈች ወዲህ የሕንድ ወጥ በከተማው ሥር ሰደደ፤ ከእርሱም በኒ ቻው ተወለደ። የፉርኖ ዳቦ ውስጡ ተፈልፍሎ ወጥ ይሞላበታል፣ የወጣውም ለስላሳ ክፍል በላዩ ይደፋበታል፤ ገዢውም «ሩብ» ወይም «ግማሽ» ብሎ ያዝዛል፣ በእጁም ይበላል። «በኒ» በእንግሊዝኛ ጥንቸል ማለት ነውና፣ ስሙን ሰምቶ የጥንቸል ሥጋ የሚጠብቅ እንግዳ አይጠፋም፤ ስሙ ግን ባንያ ከሚባሉት የሕንድ ነጋዴዎች እንደ መጣ ይነገራል። በዘር መለያየት ዘመን ጥቁሩ ገብቶ የሚቀመጥበት ምግብ ቤት ስላልነበረ፣ ዳቦው ሳህን ሆኖ አገለገለው ብለው የሚተርኩም አሉ።

ይህን ሁሉ መጤ መብል ትቶ የባላገሩን ለሚፈልግ ሰው የኾሳ ሕዝብ ኡምንቁሾን ያቀርቡለታል፤ ይኸውም የተከካ በቆሎና ባቄላ መሰል አደንጓሬ ለሰዓታት ተቀቅሎ የሚሠራ፣ ንፍሯችንን የሚያስታውስ፣ ኔልሰን ማንዴላም አብዝተው ይወዱት የነበረ መብል ነው። ይሁንና በቆሎውም ከአሜሪካ በባሕር የመጣ እህል ነው፤ ከእርሱ በፊት አገሩን ይመግብ የነበረው ማሽላ ሲሆን፣ ጽዋናዎች ዛሬም ዱቄቱን አቡክተው ሲኮመጥጥላቸው ቲንግ የሚሉትን ገንፎ ይሠራሉ፤ ጧት አቅጥነው ይጠጡታል፣ ለምሳ ደግሞ አጠንክረው ከሥጋ ወይም ሞሮጎ ከሚባለው የዱር ጎመን ጋር ይበሉታል።