ላዩማ ቀድሞ ይደርቃል

በኮምፖዚት ጥገና ክፍላችን ካሉት መሣሪያዎች ርካሿ አንዲት ትንሽ መዶሻ ናት። በእሷ የአውሮፕላኑን ክንፍ ፍላፕ ገጽ ቀስ እያልን እናንኳኳለን። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ደግሞ የታፈነ። ጫጫታ በሞላበት ሃንጋር ይህን መለየት ጆሮ ይጠይቃል።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው። ነገሩ የረቀቀ ይመስላል እንጂ መሠረቱ ከጭቃ ቤት ግድግዳ አይርቅም፦ ጭዱ ጉተታውን ይችላል፣ ጭቃው ጭዱን አንድ ላይ ይይዛል። እኛ ዘንድ ጭዱ ካርቦን ፋይበር፣ ጭቃው ኢፖክሲ ሙጫ ነው። ካርቦኑ ውሃ አይጠጣም፤ ሙጫው ይጠጣል። ክሩ ኬቭላር ከሆነማ እሱም ይጠጣል።

ስንጥቅ ባይኖርም የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃል። የሚሰርገው ግን በዝግታ ነው፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ከክብደቱ አንድ በመቶ ያህል ውሃ ቢገባ በዓይን አይታይም። ሙጫው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከክሩ ጋር ያለው መያያዝም ይላላል። በክሩ አቅጣጫ ሲጎተት ብዙም አያስታውቅም፤ በሙቀት ላይ ሲጨመቅ ነው ጉዱ የሚወጣው። አምራቾች ናሙናውን አርጥበው፣ አሙቀው የሚፈትኑትም ለዚሁ ነው።

በውስጣቸው የማር እንጀራ የመሰለ ሃኒኮም ያለባቸው ክፍሎች ሌላ ጣጣ አላቸው። ማሸጊያው ሲሰነጠቅ ውሃ ገብቶ በስድስት ማዕዘን ጉድጓዶቹ ይጠራቀማል። ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ በሆነው ከፍታ በረዶ ሆኖ ዘጠኝ በመቶ ያህል ይሰፋል፣ ሲያርፍ ይቀልጣል፤ በማግሥቱም እንደዚያው። አውሮፕላኑ እንዳረፈ በሙቀት ካሜራ ከታየ በረዶው ያለበት ቦታ ቀዝቅዞ ይለያል።

ከሁሉ የሚያጨቃጭቀን ከጥገናው በፊት ማድረቁ ነው። የጥገናው ሙጫ አብዛኛውን ጊዜ በ121 ወይም በ177 ዲግሪ ይበስላል። ቦሌ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በቫኪዩም ከረጢት ሥር ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ውስጥ የቀረ ውሃ እንፋሎት ሆኖ አዲሱን ሙጫ አረፋ ያደርገዋል፤ አንዳንዴ ደህናውን ንብርብር ገንጥሎ ያነሳዋል። ስለዚህ የማሞቂያ ብርድ ልብስ አልብሰን፣ ሙቀቱን ቀስ በቀስ እየጨመርን ለሰዓታት፣ ሲብስም ለቀናት እናደርቃለን። እስከዚያ «መቼ ነው የሚወጣው?» የሚል ስልክ አያቋርጥም። ወጣቶቹም ዳበስ እያደረጉ «ጋሼ፣ ደርቋል እኮ» ይሉኛል። ላዩማ ቀድሞ ይደርቃል፤ ብርድ ልብሱን እንዳትነኩ እላቸዋለሁ።