የአገረ ገዢው ቃልና ወጣቱ ሽፍታ

በሲኒማ በምናየው የካውቦይ ታሪክ ደጉ ሸሪፍ በአንድ ወገን፥ ክፉው ወንበዴ በሌላው ወገን ተለይተው ይቆማሉ። «ልጁ ቢሊ» ማለትም ቢሊ ዘ ኪድ የተባለውን ሽፍታ ታሪክ ከሥሩ የተከታተለ ሰው ግን ሹሙን ከሽፍታው ለመለየት ብዙ ይቸገራል። (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሆነው በኒው ሜክሲኮ፥ ሊንከን በተባለው አውራጃ ነው። በሊንከን ከተማ መርፊና ዶላን የተባሉ ነጋዴዎች ትልቅ መደብር ነበራቸው። ለፎርት ስታንተን የጦር ሰፈር ሥጋና ዱቄት ያቀርቡ ነበር፤ ሸሪፉ ዊልያም ብሬዲም የእነርሱ ወዳጅ ነበር። ጆን ተንስታል የሚባል የ24 ዓመት እንግሊዛዊ ከጠበቃው ከማክስዊን ጋር ሆኖ ተፎካካሪ ሱቅ በመክፈቱ ጠብ ተነሣ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1878 የሸሪፉ ጭፍሮች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከብት ልናግድ ነው ብለው ወጥተው ተንስታልን በመንገድ ላይ ገደሉት።

ቢሊ የተንስታል አሽከር ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ግን በመጀመሪያ ወደ ጫካ አልሸሹም፤ ወደ ዳኛ ሄዱ እንጂ። የአጥቢያው ዳኛ ጆን ዊልሰን የመያዣ ትእዛዝ ጻፈላቸው፤ አለቃቸውን ዲክ ብሩወርንም የሕግ አስከባሪ አድርጎ ሾመው። እንግዲህ አውራጃው ሁለት የሕግ ጭፍራ ነበረው ማለት ነው፤ ሁለቱም ወረቀት የያዙ፥ ሁለቱም ሰው የሚገድሉ። በማርች ወር አገረ ገዢው አክስቴል ወደ ሊንከን መጥቶ የዊልሰን ሹመት ሕጋዊ አይደለም ሲል ዐወጀ። ትናንት የሕግ ሰዎች የነበሩት በአንድ አዋጅ ሽፍቶች ሆነው አደሩ።

ይህን ስንል ንጹሓን ነበሩ ማለታችን አይደለም። የያዟቸውን ሁለት እስረኞች ለዳኛ ሳያቀርቡ ገድለዋቸዋል፤ ኤፕሪል 1 ቀንም ሸሪፍ ብሬዲን በከተማው አውራ መንገድ ሸምቀው ገደሉት። በጁላይ ወር ለአምስት ቀን ተኩስ ሆነ፤ የማክስዊን ቤት ተቃጠለ፥ እርሱም ተገደለ። የመንግሥት ወታደሮች ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ እሳቱን ግን አላስቆሙም።

ከዚህ በኋላ ሉ ዋላስ በአክስቴል ፋንታ ተሾመ። ይህ ሰው ጄኔራል የነበረና «ቤን ሁር» የተባለውን ልብ ወለድ የደረሰ ነው። ማርች 17 ቀን 1879 በሌሊት፥ በዚያው በዳኛው በዊልሰን ቤት ከቢሊ ጋር ተገናኙ። ቢሊ በዓይኑ ስላየው አንድ የጠበቃ ግድያ ቢመሰክር ምሕረት እንዲያገኝ ቃል ተገባለት። እርሱም የተያዘ መስሎ እስር ቤት ገባ፤ መሰከረም። ዐቃቤ ሕጉ ግን ክሱን አላነሣም አለ፤ ምሕረቱም ሳይመጣ ቀረ። በእኛ አስተያየት ዐቃቤ ሕጉን ማመካኘት አይበቃም፤ ምሕረት የማድረግ ሥልጣን የአገረ ገዢው ነበርና። ቢሊ መጠበቅ ሲሰለቸው ከእስር ወጥቶ ሄደ፤ የከብት ሌብነቱንም ቀጠለ።

በ1880 መጨረሻ ለሸሪፍነት የተመረጠው ፓት ጋሬት ያዘው። ቢሊ ከሳንታ ፌ እስር ቤት ለዋላስ ደጋግሞ ጻፈ፤ መልስ አላገኘም። ኤፕሪል 13 ቀን 1881 በስቅላት እንዲሞት ተፈረደበት። በዚያ ጠብ የተከሰሱት ብዙዎች ሲሆኑ ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበት እርሱ ብቻ ነው። ስቅላቱን የሚጠባበቅበት የሊንከን ፍርድ ቤትስ የማን ቤት ኖሯል? የቀድሞው የመርፊና የዶላን መደብር!

ኤፕሪል 28 ቀን ሁለት ጠባቂዎቹን ገድሎ አመለጠ። ጁላይ 14 ቀን ሌሊት ጋሬት በፎርት ሰምነር በጨለማ ክፍል ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ዕድሜው 21 ዓመት ያህል ነበር። ጋሬት በማግሥቱ ዓመት የቢሊን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1908 እርሱም በጥይት ሞተ፤ በግድያው የተከሰሰውም ሰው በነፃ ተለቀቀ።

የዋላስ ቃል ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ከ130 ዓመት ገደማ በኋላ የኒው ሜክሲኮ ገዢ ቢል ሪቻርድሰን ለቢሊ ምሕረት እንዲያደርግ ተጠየቀ። ጉዳዩን መርምሮ ዲሴምበር 31 ቀን 2010፥ የሥልጣኑ ዘመን በሚያበቃበት ዕለት መልሱን ሰጠ። ዋላስ ቃሉን ያልፈጸመበት ምክንያት ግልጥ ስላልሆነ ምሕረት አላደርግም አለ።