የጌም ቻናል አዘገጃጀት በደሴና በኮምቦልቻ

በወሎ፣ በደሴም ሆነ ቁልቁለቱን ወርዶ በቦርከና ዳር በተዘረጋችው በኮምቦልቻ፣ ወጣቶች በሰዓት ወይም በጨዋታ እየከፈሉ ኳስ በፕሌይ ስቴሽን የሚጫወቱባቸው ቤቶች እንዳሉ ለአገሬው ሰው መንገር አያሻም፤ ነገር ግን በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ጆይስቲክ ከያዙት ከሁለቱ ተጋጣሚዎች ይልቅ፣ ከኋላቸው በአግዳሚ ላይ ተደርድረው ተራ የሚጠብቁት ልጆች የሚያሰሙት ትችት፣ ሙገሳና ፉከራ ራሱን የቻለ ትርኢት መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ የጌም ቻናል የሚባለው የዘመናችን ሥራ ከምን እንደሚመነጭ ወዲያውኑ ይረዳዋል።

የጌም ቻናል ማለት አንድ ተጫዋች የሚጫወተውን ጨዋታ ከነምስሉ ቀርጾ፣ በገዛ አንደበቱ እያብራራና እየተረከ፣ በዩቲዩብ ወይም በቲክቶክ ለተመልካች የሚያቀርብበት መድረክ ነው። ዩቲዩብ በ1997 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ይህ ሥራ በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። መሣሪያውም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው የራቀ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበው ፕሌይ ስቴሽን 4 ያለፉትን 15 ደቂቃዎች ጨዋታ ሳይታዘዝ እየቀረጸ የሚያቆይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ስልኮችም ማያቸውን ራሳቸው ይቀርጻሉ፤ ኮምፒውተር ላለው ደግሞ ኦቢኤስ የተባለው መቅረጫ ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው። እንግዲህ የጀማሪው ችግር የመሣሪያ እጦት ከመሆን ይልቅ፣ የቀረጸውን በምን መልክና በምን ሥርዓት እንደሚያቀርብ አለማወቁ ነው።

ከመልክ በፊት ግን ድምፅ ይቀድማል። ከሰሎሞን ተሰማ እስከ ደምሴ ዳምጤ የነበሩት የስፖርት ዘጋቢዎቻችን ኳስን በቃል የመሳል ጥበብ እንዴት ያለ ኃይል እንዳለው አሳይተውናል፤ ብሔራዊ ቡድናችን በ1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ባነሣ ጊዜ የተሰማው የደምሴ ድምፅ፣ ከጨዋታው ምስል ይልቅ በሰው ኅሊና ታትሞ ቀርቷል። ስለዚህ የወሎ ልጅ የባዕድ ቻናል ባለቤቶችን ጩኸት ከመቅዳት ይልቅ፣ በጨዋታ ቤቱ አግዳሚ ላይ የሚሰማውን ለዛና ፈጣን መልስ ቢይዝ፣ ሌላው ዓለም ሊሰጠው የማይችለውን ሀብት ይዟል ብዬ አምናለሁ።

የአቀራረቡ መልክ በዋናነት ሦስት ነው፤ ረጅሙ፣ አጭሩና በቀጥታ የሚተላለፈው። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እንደሚደርስ፣ የቻናል ጀማሪም ከአጭሩ ቢነሣ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በአጭር ጊዜ አንድ አሳብ ጀምሮ መጨረስን ያልተማረ ሰው ግማሽ ሰዓት ተመልካችን አስቀምጦ ሊያቆይ አይችልም። ሾርት የሚባለው የዩቲዩብ አጭር ቪዲዮ ከ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ ሦስት ደቂቃ እንዲረዝም ተፈቅዷል። ሆኖም ሾርት ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 9 ለ16 የሆነ ምስል ሲሆን፣ የኳስ ሜዳ ደግሞ በተፈጥሮው አግድም የተንጣለለ ነው፤ የረጅሙን ቪዲዮ ሁለት ጎን ቆርጦ የሚለጥፍ ሰው ኳሷ በክንፍ በኩል ስትሄድ ተመልካቹን ባዶ ሣር ያሳየዋል። መፍትሔው በግብ ክልል ውስጥ የሆነውን ብቻ መርጦ በላይኛው ግማሽ፣ የተጫዋቹን ፊት ወይም የአግዳሚውን ጫጫታ በታችኛው ግማሽ ማድረግ ነው። ቀጥታ ሥርጭት ግን የማይቆራረጥ መብራትና ፈጣን ኢንተርኔት የሚጠይቅ ስለሆነ ለኋላ ቢቆይ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ሙከራ ይመጣል፤ በእኔ ግምት የሥራው ሁሉ ነፍስ ይህ ነው። አንዱን የዋንጫ ግጥሚያ ወስዶ አንድ ጊዜ በዘገባ፣ አንድ ጊዜ በጸጥታ ከታች በሚነበብ ጽሑፍ፣ አንድ ጊዜም ግቡን አስቀድሞ አሳይቶ እንዴት እንደተገኘ ወደ ኋላ በመተረክ ማዘጋጀት ይቻላል። ነገር ግን በአንድ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፤ ርእሱን፣ ርዝመቱንና የሽፋን ሥዕሉን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ተመልካች ቢበዛለትም ቢያንስበትም ምክንያቱን ከቶ አያውቀውም። ዩቲዩብ ተመልካች በየትኛው ቅጽበት ጥሎ እንደሄደ የሚያሳይ መስመር ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ለአንድ ረጅም ቪዲዮም እስከ ሦስት የሚደርሱ የሽፋን ሥዕሎችን እያፈራረቀ አሳይቶ የትኛው የበለጠ እንዳስቆየ ይነግራል። መስመሩ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቁልቁል ከወረደ ጥፋቱ የረዘመ ሰላምታና የሰብስክራይብ ልመና ሊሆን ይችላል፤ መካከል ላይ ከወረደ ግን ትረካው ላልቷል ማለት ነው። በአንድ ቪዲዮ ውጤት ተስፋ መቁረጥም መታበይም አይገባም፤ በተመሳሳይ መልክ የቀረቡ ብዙ ቪዲዮዎችን ሳያመዛዝኑ ፍርድ መስጠት ያሳስታል።

መርሐ ግብር ማውጣትም የአገሩን ጊዜ ማወቅን ይጠይቃል። የአውሮፓ ሊጎች ከነሐሴ እስከ ግንቦት ስለሚካሄዱ ሳምንቱን ሙሉ የሚወራው ኳስ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተማሪው ጊዜ ያገኛል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተዋድደው በሚኖሩበት በወሎ በረመዳን ወር የተመልካቹ ሰዓት ከአፍጥር በኋላ ወደ ማታ ይዛወራል። ከሁሉም በላይ የሚበልጠው ግን ስንቅ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰበት ወቅት፣ ደግሞም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ የታየው እንዲህ ላለው ሥራ ትምህርት ይሆናል፤ ተሠርተው ያለቁ ቪዲዮዎችን ያከማቸና ከሌላ ከተማ ሆኖ የሚለቅለት የታመነ ወዳጅ ያለው ሰው ቻናሉ አይዘጋበትም።

የተከታታይ ዝግጅት አሳብ ለሚሻ ሰው፣ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚራራቁት ደሴና ኮምቦልቻ በመልስ ጨዋታ የሚገናኙበት ውድድር ከማንኛውም የባዕድ ርእስ የተሻለ ይመስለኛል፤ ብርዳማው ደጋና ሞቅ ያለው ወይና ደጋ ራሳቸው ለፉከራው በቂ ጉዳይ ናቸውና። ኳስ ለሰለቸው ደግሞ የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ የሠራቸው፣ ከገበሬ እጅ የምታመልጠው ዶሮ የምትሮጥበት ኩኩሉና የአባቶቻችን ገበጣ አሉ። ለማጀቢያ የሌላን ሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ ማስገባት በባለመብቱ ክስ ቪዲዮውን ሊያስወርድ ይችላል፤ የባቲንና የአምባሰልን ቅኝቶች በክራርና በዋሽንት የሚጫወት የሰፈር ሙዚቀኛ ግን በስምምነት ቢጠየቅ ለቻናሉ የራሱ የሆነ ድምፅ ይሰጠዋል።

የጨዋታ ቤት ባለቤቶች ሆይ፣ ከቤታችሁ አንዱን ማዕዘን ለቀረጻ ፍቀዱ፤ የልጆችን ፊት ግን ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ አታስቀርጹ፤ ቀራጩም የሚያገኘውን ገቢ ከእናንተና ድምፃቸውን ከተዋሳቸው ተጫዋቾች ጋር እንዴት እንደሚካፈል ገና ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይዋዋል።