ቍስሉ ከዳነ በኋላ የሚቀር ሕመም

እግሩ የተቈረጠ ሰው፥ ቍስሉ ድኖ ጠባሳው ደርቆ ሳለ፥ የሌለችው የእግሩ ጣት ትቃጠላለች እያለ ሌሊቱን ሲያቃስት የሰማ ቤተ ሰብ ምን ይላል? ብዙ ጊዜ «ማቃሰት ለምዶበት ነው» ይላል። ይህ ፍርድ በሽተኛውን ይበድላል። ሕመም የሚታወቀው በአንጎል ነውና፥ ነርቭ ከተጐዳ ቍስሉ ካለፈም በኋላ አንጎል ሕመሙን መስማቱን ላይተው ይችላል። ሐኪሞች ከሦስት ወር በላይ የቈየውን ሥር የሰደደ ሕመም ይሉታል።

እንግዲህ ራስ ቅልን ሳይከፍቱ አንጎልን መንካት ይቻላልን? ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦንዮስ ላርጎስ፥ ራስ ምታት ለጸናበት ሰው ኤሌክትሪክ ያለው ሕያው የባሕር ዓሣ በሚያመው ስፍራ ላይ እንዲደረግ ጽፏል። (ዓሣውን ይዞ ለሚመጣው አገልጋይ ማዘን ይገባል።)

በ1985 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ የተሻለውን መንገድ አሳዩ። በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ብርቱ ኤሌክትሪክ ለቅጽበት ሲያልፍ የማግኔት ኀይል ይወለዳል፤ ይህም ኀይል ቆዳውንና አጥንቱን ሳይቀድ አልፎ በአንጎል ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ሽቦው እጅን በሚያዝዘው የአንጎል ክፍል አንጻር ሲያዝ፥ ባለቤቱ ሳያስብ እጁ ይንቀሳቀሳል። የሚያስደንቀው፥ ሕመምን ለማስታገሥም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ይኸው እንቅስቃሴን የሚያዝዘው ክፍል መሆኑ ነው፤ ማግኔቱም በዚያ ላይ ደጋግሞ ይመታል። ሌላም መንገድ አለ፤ ይኸውም በራስ ላይ በተደረገ እርጥብ ስፖንጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚደርስ ደካማ ኤሌክትሪክ ለ20 ደቂቃ ያህል ማሳለፍ ነው።

ይጠቅማልን? የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. 2983 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 94 ጥናቶች መርምሮ ነበር። የማግኔቱ ሕክምና ለአጭር ጊዜ ጥቂት ዕረፍት ሊሰጥ እንደሚችል አገኘ፤ ማስረጃው ግን ደካማ መሆኑን አልሸሸገም። ስለዚህ በውጭ አገር ያለ ዘመድ «ፈጽሞ የሚፈውስ መሣሪያ አለ፤ ገንዘብ አዘጋጁ» ብሎ ቢጽፍ፥ ላም ከመሸጥ በፊት ሐኪምን መጠየቅ፥ የያዙትንም መድኃኒት በገዛ ፈቃድ አለማቋረጥ ይሻላል። በራሱ ውስጥ ብረት የተተከለበት ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር፤ የማግኔቱ ምት በጥቂት ሰዎች ላይ መንፈራገጥን አስነሥቷልና።