የእንቅልፍ አፕኒያን በልብ ምት መለየት፦ ለከሚሴና አካባቢዋ

በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ሕመሙን ራሱ አያውቀውም። ማንኮራፋቱንና ድንገት ጭጭ ማለቱን የሚሰማው አጠገቡ የተኛ ሰው ነው፤ እሱ የሚያውቀው የጠዋት ራስ ምታቱን፣ ቀን የሚጥለውን እንቅልፍና በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊቱን ነው። በሕክምናው አጠራር ይህ የእንቅልፍ አፕኒያ ነው፦ ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆማል ወይም ክፉኛ ይቀንሳል፤ በሰዓት 15 ጊዜ ከደረሰ ችግሩ ቀላል ከሚባለው ደረጃ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ግምት ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው የዓለም ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ቢያንስ ቀላሉ ዓይነት እንዳለባቸው አስልቷል። ቁርጡን የሚያሳውቀው ፖሊሶምኖግራፊ የአንጎል ሞገድን፣ ትንፋሽን፣ የደም ኦክስጅንንና የልብ ምትን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ላይ ይመዘግባል። የተለየ ክፍልና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚፈልግ ከሚሴን በመሰለ የዞን ከተማ በቅርቡ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ማን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር መባል እንዳለበት የሚለይ ወንፊት ግን ያስፈልጋል፤ የሌሊት የልብ ምት ቅጂ ለዚህ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ አካሉ ራሱ ነው። ትንፋሽ ሲቆም ልብ ይዘገያል፤ ሰውየው ብንን ብሎ መተንፈስ ሲጀምር ምቱ ይፈጥናል። ይህ ዑደት ሌሊቱን ይደጋገማል፤ ተመራማሪው ጊልሚኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳይተውታል። ሌላም ምልክት አለ፦ ደረት በተነፋና በሟሸሸ ቁጥር የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚቀዳው ኢሲጂ ላይ የሚታየው ሹል ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንፋሹን ከልብ ቅጂው ማንበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2000 አፕኒያን ከኢሲጂ ለመለየት በተካሄደ ውድድር ከጀርመን ማርቡርግ የመጡ 70 የሌሊት ቅጂዎች ቀረቡ፤ ግማሾቹ መማሪያ፣ ግማሾቹ መፈተኛ ሆኑ። ምርጦቹ ተወዳዳሪዎች ሕመምተኛውን ከጤነኛው ያለ ስሕተት ለዩ፤ አፕኒያ ያለባትን እያንዳንዷን ደቂቃ በመለየት ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ተሳካላቸው። ይሁንና በድንበር ላይ ያሉት ቅጂዎች በዚያ ፍጹም ውጤት ውስጥ አልተቆጠሩም፤ ሐኪምን የሚያስቸግሩት ግን እነሱው ናቸው። ዛሬም ብዙ የኮምፒውተር ስልቶች በእነዚሁ ቅጂዎች ስለሚለኩ የሚነገረውን ከፍተኛ ውጤት በጥንቃቄ ማየት ይገባል።

በማርቡርግ የሠራ ስልት ከሚሴ ላይ ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክል ነው። የልብ ምቱ የተዛባ፣ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ስኳር ነርቩን የጎዳበት ሰው ዑደቱን ላያሳይ ይችላል። ጫት ምቱን ያፈጥናል፤ በረመዳን ሌሊት ደግሞ እንቅልፉ ጎሕ ሳይቀድ በሚበላው ሱሁር ይቆረጣል። መልሱ ታካሚውን ስለ እነዚህ አስቀድሞ ጠይቆ መመዝገብና የጣት ኦክስጅን መለኪያን አብሮ መጠቀም ነው። የቀኑ አጭር የኢሲጂ ምርመራ ለዚህ አይረዳም፤ ሌሊቱን የሚቀዳ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሕክምናው ሳይኖር መመርመር ምን ይጠቅማል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ሲፓፕ የተባለው አየር ገፊ መሣሪያ ውድ ነው፣ መብራትም ይፈልጋል። ግን ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና የደም ግፊትን አጥብቆ መቆጣጠር መሣሪያ አይጠይቁም። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ደግሞ መሪ ላይ የሚያሸልበው ለምን እንደሆነ ማወቁ ብቻውን ሕይወት ሊያድን ይችላል። ታካሚዎች ከሩቅ የሚመጡ መሆናቸውም መላ አለው፦ ሰኞ ባቲ ገበያ የመጣ ገበሬ መቅጃውን ይዞ ቢሄድ በቀጣዩ ሰኞ ይመልሰዋል፤ የተቀዳው መሣሪያው ላይ ስለሚቀመጥ ሐኪሙ ያን ዕለት ሊያነበው ይችላል።