የእማዬ ፍሪጅ እና የአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ዕዳ

እማዬ ፍሪጅ ልትገዛ ቆርጣ የተነሳችው በግንቦት 2016 ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ፣ ከአስፓልቱ ገባ ብሎ፣ ሳሙናና ዘይት፣ ዳቦና ከሰል የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ውሃና ለስላሳ አቀዝቅዤ ብሸጥ ይሻለኛል ብላ በዕቁብ 50 ሺህ ብር አጠራቀመች። መገናኛ ሄደን ዋጋ ጠየቅን፤ 46 ሺህ አሉን። ያኔ ነው እኔ፣ የኢኮኖሚክስ ምሩቁ ልጇ፣ አፌን የከፈትኩት። «እማ፣ ክረምት እየገባ ነው፤ በዝናብ ቀዝቃዛ ለስላሳ ማን ይጠጣል? ብሩ ባንክ ይቀመጥና ለመስቀል ትገዢዋለሽ፤ ወለዱም ያንቺ ነው» አልኳት። አመነችኝ።

ሐምሌ 22 ቀን ጠዋት ስልኬን ስከፍት ቴሌግራሙ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ፈቅዷል። ከዚያ በፊት 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም አወጣለት። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። መስከረም ላይ ያቺኑ ፍሪጅ ስንጠይቅ 69 ሺህ ገብታለች። የባንኩ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ስለነበር የሦስት ወሩ ድርሻ 875 ብር ሆነ። እማዬ ቁጥሩን ስትሰማ ሳቀችና «ይኼስ ለማከፋፈያው ገመድ ይበቃል» አለች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ብርና ስለ ዕዳ የሚደረገውን ክርክር በደንብ እከታተላለሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ቲክቶክ ላይ፣ ምክር ቤት ሳይቀር ሁለት ጎራ አለ። አንደኛው «አገሪቱን በዕዳ ዘፈቋት» ይላል። ሌላኛው «ሪፎርም ነው፣ ታገሱ፣ ውጤቱ ይመጣል» ይላል። ሁለቱም ብድሩንና የብሩን መዳከም እንደ ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው የሚያዩት። እኔ ግን አንድ ጉዳይ ናቸው ባይ ነኝ። በዶላር የተበደረ ሰው የሚሠራው በብር ከሆነ፣ ብሩ በወደቀ ቁጥር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ዕዳው ያድግበታል።

በምሳሌ ልንገራችሁ። ኢትዮጵያ በኅዳር 2007 በዓለም ገበያ የመጀመሪያውን ዩሮቦንድ ሸጠች። 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ለአሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ያኔ ዶላር 20 ብር ገደማ ስለነበር ዋናው ዕዳ ወደ 20 ቢሊዮን ብር ነበር። ከሐምሌ 22 በፊት በነበረው ምንዛሪ ስናሰላው 57 ቢሊዮን አለፈ። ዶላር 125 ብር ሲገባ 125 ቢሊዮን ብር ሆነ። ማንም አዲስ ፊርማ አልፈረመም፤ ቦንዱ ያው አንዱ ቦንድ ነው።

ብድሩ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ለስኳር ፋብሪካዎችና ለኃይል ማስተላለፊያ ነበር የታሰበው። ሐሳቡ ስኳርና ልብስ ወደ ውጭ እንልካለን፣ ዶላር ይገባል፣ በዶላሩ እንከፍላለን ነበር። ስኳሩን ግን ራሳችን ከውጭ ስንገዛ ኖርን። በታኅሣሥ 2016 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ። ከዓመት በኋላ ዋናው 1 ቢሊዮን የሚከፈልበት ቀጠሮም ሳይከፈል አለፈ።

ብሩ የተለቀቀው እንዲህ ያለ ጭንቀት ውስጥ ሆነን ነው። ውሳኔው በተነገረበት ቀን አይ.ኤም.ኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር አጸደቀ። በማግስቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ጨመረ። ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮኑ ስጦታ፣ የቀረው ብድር ነው። ስለዚህ «ብሩን የጣሉት ለብድር ሲሉ ነው» የሚለው ወገን ቀኖቹን አይቶ ነው የሚናገረው።

ሌላኛው ወገንም ባዶ እጁን አይደለም። 57 ብር የሚባለው ዶላር ለእማዬ መቼ ደርሷት ያውቃል? ባንክ ሄደው በዚያ ዋጋ ዶላር የሚያገኙት ጥቂቶች ነበሩ፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነበር። ርካሹን ዶላር ያገኘ አስመጪ ዕቃውን በርካሽ ላለመሸጡ እኔም እናንተም ምስክር ነን። ቡናውን ልኮ ዶላር የሚያመጣው ደግሞ በግድ በ57 ይመነዘርለት ነበር። ብሩ ከተለቀቀ በኋላ ባለው የ2017 በጀት ዓመት ከዕቃዎች ወጪ ንግድ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገኘ። ካለፈው ዓመት እጥፍ በላይ ነው። ወርቁና ቡናው በሕጋዊው በር መውጣት ጀምረዋል።

የእማዬ ፍሪጅ ራሷ ለሁለቱም ጎራ መልስ አላት። ዋጋዋ ሙሉ በሙሉ በባንክ ዶላር ቢሆን ኖሮ እጥፍ በሆነች ነበር። ሙሉ በሙሉ በጥቁር ገበያ ቢሆን ደግሞ ንቅንቅ ባላለች። ከ46 ወደ 69 ሺህ፣ ግማሽ ያህል ጨመረች። ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል ማለት ነው። የማይናቅ ጥያቄ ግን ይቀራል፦ የማስተካከያውን ሂሳብ ማን ከፈለ?

ከሰፈራችን በላይ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታውቋቸዋላችሁ። አንዷ የእማዬ ደንበኛ ናቸው። ሸክማቸውን አራግፈው ዘይት በፕላስቲክ ይገዛሉ። አንድ ቀን «እማማ፣ የእንጨቱ ዋጋ ለምን ጨመረ? ባሕር ዛፍ በዶላር አይመጣ!» ብዬ ቀለድኩ። «ዶላሩን እንጃ ልጄ፣ ዘይቱን ግን አንተው ታውቀዋለህ» አሉኝ። አፈርኩ። መንግሥት ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና ዘይት ላይ ድጎማ አደርጋለሁ ብሏል። የመንግሥት ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝም ከ1,500 ወደ 4,760 ብር አሳድጓል። ጥሩ ነው። እማማ ግን ደመወዝ የላቸውም፣ እማዬም የላትም።

«የዋጋ ንረት ወረደ» ሲባልም ልብ በሉ። ንረት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። ፍሪጇ 69 ሺህ ላይ ብትቆም ንረቷ ዜሮ ነው፤ ወደ 46 ግን አልተመለሰችም።

በብድር መጨቃጨቅ ለዚህ ተራራ አዲስ አይደለም። ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ከአንድ ወር በፊት በስማቸው ኢጣሊያ ውስጥ ውል ተፈርሞ ነበር። በደጃዝማች መኮንን በኩል የተፈረመው የውጫሌ ተጨማሪ ውል የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት። መያዣው ደግሞ የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነው። ምኒልክ ውጫሌን አልቀበልም ብለው ለአውሮፓ መንግሥታት በ1885 ሲያሳውቁ፣ ብድሩን መክፈል የግድ ነበረባቸው። ያልተከፈለ ብድር ይዞ «ነፃ ነኝ» ማለት እንደሚከብድ ገብቷቸዋል።

ዛሬ ደግሞ ዕዳውን እንደራደራለን። ኢትዮጵያ በቡድን 20 ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ የጠየቀችው በ2013 ነው። የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ የሚመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን መሆኑ ያስቀኛል። በሰኔ 2017 የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ገንዘብ ሚኒስቴርም ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ እፎይታ እንደሚያስገኝ ገለጸ። ግን እፎይታ ስረዛ አይደለም። በዶላር የተሸጋሸገ ዕዳ ነገም በዶላር ይጠብቀናል።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? «ለምን ተበደራችሁ» የሚለው ብቻ አይበቃም፤ የማይበደር መንግሥት የለም። በኅዳር 2017 ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ ክርክሩ ሁሉ የብዛቱ ነበር። እኔ መልሱን ያገኘሁት ከእማዬ የዱቤ ደብተር ነው። አንድ ሰው ዱቤ ሲጠይቃት ሁለት ነገር ትጠይቃለች፦ «ምን ልታደርግበት ነው?» እና «ገንዘብ ከየት፣ መቼ ይገባልሃል?» ሁለተኛውን መመለስ ላቃተው እሷም በትህትና ታልፈዋለች። ስለ ዩሮቦንዱ በ2007 ያልተጠየቀው ይኼ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አሁን ለሚመጣው እያንዳንዱ የዶላር ብድርም መጠየቅ ያለበት እሱ ነው፦ ዶላሩን መልሶ የሚያመጣው ምንድን ነው? በብር ብቻ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ በዶላር መበደር፣ የምንዛሪውን አደጋ ጭራሮ ተሸካሚዋ ላይ መጫን ነው።

እማዬ በጥር ያገለገለ ፍሪጅ በ52 ሺህ ገዛች። ትንሽ ይጮኻል፣ ግን ያቀዘቅዛል። እማማ ከእንጦጦ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚሰጣቸው ከእሱ የወጣ ውሃ ነው፤ ሂሳብ የለውም። እኔ ደግሞ ስለ ቁጠባ ምክር መስጠት አቁሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት እማዬ «የሚቀጥለውን ዕቁብ ምን ላድርገው?» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ» አልኳት። «አሁን ተማርክ» አለችኝ።