ጄል፦ ላምፕ ውስጥ የሚሠራ ቀለም

ቅዳሜ ማታ የተቀባ ተራ የጥፍር ቀለም ሰኞ ጠዋት ጫፉ ተላጦ ይገኛል። ሽንኩርት ከተከተፈበት፣ ልብስ ከታጠበበት ደግሞ ሰኞም አይደርስ። ጄል ግን በደንብ ከተሠራ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ከነአንጸባራቂነቱ ይቆያል። ብዙ ሰው ጄልን «ወፈር ያለና ወደድ ያለ ቀለም» አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ሌላ ነው።

ተራው ቀለም ናይትሮሴሉሎስ የሚባል ነገር በፈሳሽ ሟሙቶ በጠርሙስ የተሞላ ነው። ጥፍር ላይ ሲቀባ ፈሳሹ ይተንና ስስ ሽፋኑ ይቀራል። አሴቶን ሲነካው ተመልሶ ስለሚሟሟ በጥጥ ጠረግ አድርጎ ማንሳት ይቻላል። ጄል የሚጠነክረው በመትነን አይደለም። ጠርሙሱ ውስጥ ያሉት አክሪሌትና ሜታክሪሌት የሚባሉ ውህዶች ናቸው፤ አብሯቸው ብርሃን ሲያገኝ የሚነቃ ሌላ ንጥረ ነገር አለ። እጅ ላምፑ ውስጥ ሲገባ ይህ ንጥረ ነገር ይሰነጠቅና ውህዶቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፤ ሰንሰለት ይሆናሉ፣ ሰንሰለቱም መረብ ይሆናል። ከላምፑ የሚወጣው እንግዲህ እዚያው ጥፍሩ ላይ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። ብርሃን ካላገኘ ጄሉ ቢውል ቢያድር አይጠነክርም። ጠርሙሶቹ ብርሃን የማያሳልፉ የሆኑትም፣ ጥንቁቅ ባለሙያ ብሩሿን መስኮት አጠገብ ትታ የማትሄደውም ለዚህ ነው።

ጥርሱን ያስሞላ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። ሐኪሙ ለስላሳውን ሙሌት ጥርሱ ላይ ጠቅጥቆ ሰማያዊ ብርሃን ያበራበታል፤ ወዲያው ይጠነክራል። ሙሌቱና ጄሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ዝምድናውም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 ፍሬድሪክ ስላክ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ሥራ ላይ እያለ ጥፍሩ ተሰበረበትና ለጥርስ በሚጠቀምበት አክሪሊክ ጠገነው፤ የዛሬው ሰው ሠራሽ ጥፍር ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ከእሱ ይጀመራል። በ1979 ሲኤንዲ የተባለውን የጥፍር ምርቶች ኩባንያ የመሠረተው ስቱዋርት ኖርድስትሮምም የጥርስ ሐኪም ነበር። ኦፒአይ የተባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ ወደ ጥፍር ቀለም ከመግባቱ በፊት የጥርስ ሕክምና ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሲኤንዲ በ2010 ሼላክ የተባለውን ምርቱን ለገበያ ሲያቀርብ፣ እንደ ተራ ቀለም በብሩሽ የሚቀባውና በአሴቶን የሚነሳው ጄል የአብዛኛው ጥፍር ቤት ሥራ ሆነ።

እኛ ዘንድ እጅን ማስዋብ በእንሶስላና በሂና የቆየ ነው። የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ መዳፍና ጥፍር ላይ ታስሮ ሲያድር ቀለሙ ጥፍሩ ውስጥ ይገባል፤ የሚጠፋው ጥፍሩ አድጎ ሲቆረጥ ነው። ጄል ግን ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። የሚይዘውም፣ የሚላቀቀውም እንደ ጥፍሩ አዘገጃጀት ነው፤ ስለዚህ የባለሙያዋ ችሎታ የሚታየው ገና ቀለም ሳይነካ ነው።

ቦሌ አካባቢ ያለች አንዲት ወጣት ጥፍር ሠሪ እጄን ይዛ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ቀለም አልነበረም። «ሎሽን ተቀብተሽ ነው የመጣሽው እህቴ?» አለችኝ። ቅባት ካለ ጄል አይዝም። በጥፍሩ ሥር የተለጠፈውን ስስ ቆዳ ገፋችው፤ የጥፍሩን ወዝ በለስላሳ ሞረድ ቀስ አድርጋ አነሳች፤ በአልኮል ጠረገችው። ከዚያ ቤዝ ኮት፣ ሁለት ዙር ቀለም፣ በመጨረሻም ቶፕ ኮት፤ በየመሃሉ ላምፕ። የኤልኢዲ ላምፕ ለአንድ ዙር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃዋል፤ በቱቦ አምፖል የሚሠራው የድሮው ዓይነት ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ብሩሹን በጥፍሩ መሃል አሳርፋ ወደ ሥሩ ትገፋዋለች፤ ቆዳውን ሊነካ ሲል ታቆምና ወደ ጫፍ ትስበዋለች። በመጨረሻ የጥፍሩን ጫፍ ከፊት ለፊት ቀባ ታደርጋለች፤ ውሃ ሰርጎ የሚገባው በዚያ በኩል ስለሆነ ይህች ትንሽ ነገር ከተዘለለች ጄሉ በሳምንቱ መነሳት ይጀምራል።

«ካቃጠለሽ አውጪውና መልሰሽ አስገቢው» አለችኝ እጄ ላምፑ ውስጥ እያለ። እውነትም አውራ ጣቴን እንደ መለብለብ አደረገኝ። ውህዶቹ ሲያያዙ ሙቀት ይፈጥራሉ፤ ወፍራም ሽፋን በአንድ ጊዜ ከጠነከረ ሙቀቱ ጥፍሩ ሥር ላለው ሥጋ ይሰማዋል። መድኃኒቱ በስሱ መቀባት ነው። ሌላም እንግዳ ነገር አለ፤ ሁሉም አልቆ እጅ ሲወጣ ጥፍሩ ይጣበቃል። ሥራው የተበላሸ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም፤ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የላይኛውን ገጽ እንዳይያያዝ ስለሚከለክለው ነው። በአልኮል ሲጠረግ አንጸባራቂው ብቅ ይላል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ቻርጅ የሚደረጉ ላምፖች ስላሉ ሥራው አይቋረጥም።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስ ይላል። ጣትን ዘርግቶ እፍ እያሉ መቀመጥ የለም። ወዲያው ከቦርሳ ቁልፍ ማውጣት፣ እጅ ታጥቦ እንጀራ መቁረስ ይቻላል። ነጭና ክሬም ቀለም የወደደች ግን እርድ ከበዛበት አልጫ ትጠንቀቅ፤ ያወይበዋል።

አሁን ወደማይወደደው ጉዳይ እንምጣ። ሰው ስለ ጄል ሲፈራ የሚፈራው ላምፑን ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ላምፑ የሚያወጣው ጨረር ከፀሐይ ብርሃን ጋር ከሚመጣው ዩቪኤ ይመደባል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ ተመራማሪዎች ሴሎችን በሳህን ላይ አድርገው በእንዲህ ዓይነት ላምፕ ሞክረው ነበር፤ ውጤቱ በ2023 ታትሟል። አንድ የ20 ደቂቃ ጨረር ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑትን ገደለ፤ ሦስት ተከታታይ የ20 ደቂቃ ጨረር ደግሞ ከ65 እስከ 70 በመቶ። ይሁንና ሳህን ላይ ያለ ሴል እንደ ጣታችን የቆዳ ሽፋን የለውም፤ ጥፍር ቤት የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ጥናቱ ላምፑ ካንሰር ያመጣል ብሎ አልደመደመም። የቆዳ ሐኪሞች ምክር ቀላል ነው፦ ከመሠራት በፊት እጅን ፀሐይ መከላከያ ክሬም መቀባት፣ ወይም ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ማድረግ። ክሬሙ ግን ጥፍሩን እንዳይነካ፤ ከነካ የሎሽኑ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ቆዳን ለብርሃን የሚያስቆጣ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ።

እኔን ከላምፑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቆዳ የነካ ያልጠነከረ ጄል ነው። በተለይ ሄማ የሚባለው ውህድ አለርጂ ያስነሳል፤ ጣት ያሳክካል፣ ይላላጣል፣ ጥፍር ከሥሩ ይላቀቃል። አለርጂው አንዴ ከያዘ አይለቅም። እዚህ ላይ የጥርስ ሐኪሞቹ ታሪክ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰውነቷ ሜታክሪሌትን የጠላ ሴት ነገ ጥርስ ስታስሞላ፣ መገጣጠሚያ ስታስቀይር፣ ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ስትጠቀም ችግር ሊገጥማት ይችላል። የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንኑ አስጠንቅቋል። የአውሮፓ ኅብረት ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት ለባለሙያ ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ ብርሃን ሲያገኝ ከሚነቁት ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነውን ቲፒኦንም የመራባት ጤናን ይጎዳል በሚል ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በውበት ምርቶች ውስጥ ከልክሏል። በዚህ ምክንያት በርካሽ የሚገዛ የቤት ውስጥ ጄል አይመቸኝም። ላምፑና ጄሉ ካልተጣጣሙ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ እጁን ያልፈታ ሰው ደግሞ ቆዳውን መንካቱ አይቀርም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጄል ውሃ ስለማያሳልፍ ለሶላት ውዱእ የምታደርግ ሴት ጥፍሯን የማይሸፍን ቀለም ትፈልጋለች፤ ለእሷ ሂና ይሻላታል። ቀዶ ሕክምና ያላት ወይም ለመውለድ የተቃረበች ደግሞ ቀድማ ብታስነሳው ይመረጣል፤ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ጠቆር ካለ ቀለም ጋር ሊሳሳት ይችላል፤ ጄል ደግሞ ሐኪም ቤት በጥጥ ተጠርጎ አይወርድም።

ብዙ ጊዜ ጄል ጥፍር ጨረሰ የሚባለው በአነሳሱ ነው። በወጉ ሲነሳ የላይኛው ወዝ በሞረድ ይነሳል፤ አሴቶን የነካ ጥጥ ጥፍሩ ላይ ተደርጎ በፎይል ይጠቀለላል፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ጄሉ እንደ ተራው ቀለም አይሟሟም፤ አብጦ ይላቀቃል፤ በእንጨት ገፋ ሲደረግ ይወርዳል። ካልወረደ መልሶ መጠቅለል ነው። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላ በጥርሷና በጥፍሯ የምትልጥ ግን ጄሉን ብቻ አታነሳም፤ ከራሱ ከጥፍሩ ስስ ንጣፍ አብሮ ይወጣል። ሰው ስለበዛ ብላ በማሽን የምትፈቀፍቅ ባለሙያም ያው ናት። የእጅ ጥፍር በወር የሚያድገው ሦስት ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የሳሳው ጥፍር አድጎ ለመተካት ግማሽ ዓመት ይፈጃል። አዲስ ጥፍር ቤት ስገባ የቀለም ናሙናውን ከማየቴ በፊት ፎይል የተጠቀለሉ ጣቶችን የምፈልገው ለዚህ ነው።